የእማዬ ሶላርና የአባዬ ባና

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእፀገነት ዓምደ ሚካኤል፤
ጎዴ።

እንደምን ከርመሻል እህቴ? ጤናሽ እንዴት ነው? የጎዴ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ባለቤትሽ ስንታየሁ ደህና ነው? ያ የወገቡ ሕመም ለቀቀው? ልጅሽ የምሥራች ፈተናዋን እንዴት ሆነች? ማሙሽንስ ወባው ተመልሶ አልጎበኘውም? እኛ ሁላችንም፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። ዝናሙ በልኩ ዘንሟል፤ በጎቹም ክረምቱን ደህና ወጥተዋል። እማዬም ደህና ናት። የተሰበረው እጇ ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዛታል እንጂ እንዝርቷን ይዛ ትውላለች።

ዛሬ ሩፋኤል ስለሆነ ሱቁ ዝግ ነው። ልጆቹ የጳጉሜን ዝናም ሊጠመቁ ደጅ ወጥተው ይንጫጫሉ፤ እኔም ጠረጴዛዬን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ይህን እጽፍልሻለሁ። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። አንዱን ጊዜ ኔትወርኩ ጠፋ፤ ሌላውን ጊዜ አንቺ ተረኛ ሆነሽ በሽተኛ ይጠብቅሽ ነበር። ነገሩ ደግሞ ተቆራርጦ የሚነገር አይደለም።

ባለፈው ጥቅምት እማዬ በጨለማ ደጃፍ ላይ ወድቃ እጇ ከተሰበረ ወዲህ የተስማማነውን ታስታውሻለሽ። አንቺ ሶላሩን ትልኪያለሽ፣ እኔ አስተክለዋለሁ፤ መብራቱ እስከ ዕንቁጣጣሽ ሳያስቸግር ካገለገላት በቤቷ ትኖራለች፣ ካስቸገረ ግን ቤቱ ተዘግቶ ሞላሌ እኔ ጋ ትገባለች ብለን ነበር። እማዬም አባዬን ከቀበረችበት መንደር ላለመውጣት ስትል በዚህ ተስማማች። እንግዲህ ቀኑ ደረሰ። ውሳኔውን ከመንገሬ በፊት የሆነውን በተራ ልንገርሽ። እንደምታውቂኝ የቀኑን ነገር በማስታወሻ ደብተሬ ሳላሰፍር አልተኛም፤ የምጽፍልሽም ከዚያው እያየሁ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናዘዝልሽ። የጓሮውን ክፍል ገና በመጋቢት አሳድሼ፣ ግድግዳውን ኖራ አስቀብቼ፣ የጽድ አልጋ አሠርቼለት ነበር። ለአንቺ «ለክፉ ቀን ይሁን» ብዬ ነገርኩሽ እንጂ ልቤ ሶላሩ እንዳይሳካ ያደላ ነበር። ጧት ሱቅ ስከፍት እናቴን ደጄ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ማየት አማረኝ። ይህን የምነግርሽ በኋላ የሠራሁትን ስህተት እንድትረጂልኝ ነው።

ሶላሩ የተተከለው ግንቦት 14 ቀን ነው። ከደብረ ብርሃን ኃይለመስቀል የሚባል ባለሙያ ይዤ ወጣሁ። ቀልደኛ ነው፤ እጁ ግን ሲሠራ አይቀልድም። የቤቱን የጓሳ ሣር ክዳን ዳሰስ አድርጎ «ይህ ሣር እኛን ሁሉ ይቀብራል፤ ብረት ግን አይሸከምም» አለ። ስለዚህ መስታወቱን በበጎቹ በረት የድንጋይ ካብ ላይ፣ በሁለት የጽድ ቋሚ ደግፎ ወደ ደቡብ አዙሮ አሰረው። እማዬ አቧራውን በእጇ እንድትጠርገው ብለን ዝቅ አደረግነው። ሦስት አምፖል ሰቀልን፤ አንዱን እሳቱ አጠገብ፣ አንዱን በጎቹ በሚያድሩበት በኩል፣ አንዱን ከወደቀችበት ደጃፍ ላይ።

እማዬ ሥራውን ቆማ ስታይ ቆየችና «ይህ ነገር ምን ይበላል? ነጭ ጋዝ አይጠጣም?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም የገበያ አፌ ቀደመኝ። «እማዬ፣ ይህ ማለት ገለባ የማይበላ በሬ ነው። ቀን ቀን ፀሐይ ላይ ሲሠራልሽ ይውላል፤ ማታ አንቺ የሠራውን ታበሪያለሽ» አልኳት። ኃይለመስቀል በሳቅ ፈርሶ «ጋሽ ተገኘ፣ እኔ ስንት ዓመት ስተክል እንዲህ አድርጌ አስረድቼ አላውቅም፤ ከእኔ ጋር ይዙሩ» አለኝ። ኩራት ተሰማኝ። መብራቱ ሲበራ እማዬ ዘወር ብላ በጎቹን አየችና «እንግዲህ እነዚህም ፊቴን ለይተው ሊያውቁት ነው» አለች። በዚያ ቀን ደብተሬ ላይ «እማዬ የሶላሩ ነገር ገብቷታል» ብዬ ጽፌአለሁ። እውነት ነው፣ ገብቷት ነበር። እኔ ካሰብኩት በላይ ገብቷት ነበር።

ግንቦትና ሰኔ በሰላም አለፉ። ሐምሌ ሲገባና ደመናው ሲከብድ ግን መብራቱ ይጠፋ ጀመር። ወሬውን የምታመጣልኝ የእማዬ ጎረቤት አስካለ ማርያም ናት። የበግ ሱፍ ልትሸጥልኝ በመጣች ቁጥር ያለፈውን ሳምንት ማታ ማታ እጠይቃታለሁ፤ የነገረችኝንም እጽፋለሁ። ሐምሌ 6 ጠፋ፣ 7 ጠፋ። ከዚያ አራት አምስት ቀን በራ። ሐምሌ 13 ጠፋ፣ 14 ጠፋ። 20 እና 21 ጠፋ። ባትሪው ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ሐምሌ 24 ቀን ኃይለመስቀልን በዚያ ጭቃ ከደብረ ብርሃን አስመጣሁት። ገመዱን ፈታ፣ ባትሪውን ለካ፣ መስታወቱን ወለወለ፤ በመጨረሻ «ይህ ባትሪ ከእኔም ከእርስዎም ይልቅ ጤነኛ ነው» አለኝና ዕቃውን ሰበሰበ።

እማዬ ይህ ሁሉ ሲሆን እንዝርቷን ታሾር ነበር። «መብራቱ ሲጠፋ ምን ታደርጊያለሽ?» ስላት «እተኛለሁ» አለችኝ። «ዕንቁጣጣሽ እኮ እየቀረበ ነው እማዬ» አልኳት። «እሺ ልጄ» አለች። አንቺ እናታችንን ታውቂያታለሽ። ሳትከራከር እሺ ብላ ታውቃለች? ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ግን አልደብቅሽም፣ ወደ ሞላሌ ስመለስ በልቤ አልጋውን በየትኛው ግድግዳ በኩል እንደማደርገው እያሰብኩ ነበር።

በነሐሴ የመጀመሪያው ሳምንት አስካለ ማርያም ከሌሎች ሴቶች ጋር ሱቄ በር ላይ ሱፍ እያስመዘነች «ሐምሌ 28ም 29ም ጨለማ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዘወር ብላ «የእትዬ የትምወርቅ መብራት እኮ ከእኛ ይልቅ አጥባቂ ናት! በሚካኤል የለች፣ በማርያም የለች፣ በሰንበት የለች! በሥራ ቀን ግን ቦግ!» ስትል ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄን አቋርጬ ደብተሬን አወጣሁ። ዘንድሮ ሐምሌ አቦ ዓርብ ውሎ ቅዳሜና እሑድ ተከትለውታል። ሚካኤልም ዓርብ፣ ገብርኤልም ዓርብ። መድኃኔዓለም ደግሞ ቅዳሜ ውሎ እስከ በዓለ ወልድ ሰኞ ይደርሳል። ሦስት ሦስት ቀን በዓል በተከታታይ። መብራቱ የሚጠፋው ሁልጊዜ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ማታ ነው። ባትሪ ደግሞ ባሕረ ሐሳብ አይቆጥርም። የሚቆጥር ሰው አለ ማለት ነው። እኔ ወደ እማዬ የምወጣው ሱፍ ስሰበስብ፣ በሥራ ቀን ነው፤ ለዚህ ነው ዓይኔ ያልገባው።

ነሐሴ 13፣ ደብረ ታቦር ሰኞ ነበር። ሰንበትን ተከትሎ የዋለ ሦስተኛ ቀን መሆኑ ነው። ለማንም ሳልናገር ማልጄ ወጣሁ። ስደርስ አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ ሰማዩ ከሳምንት አንዴ ተከፍቶ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ቤቱ ዝግ ነው፤ እማዬ ከኪዳን አልተመለሰችም። ወደ በረቱ ዘወር ስል ሶላሩ ባና ለብሶ አየሁት። የማንም ባና አይደለም፤ አባዬ በመጨረሻ ከሱፍ የሠራው ብርድ ልብስ፣ ጥቁሩ፣ ዳርና ዳሩ ነጭ ያለበት። አራቱንም ጫፍ በጠፍር አስራ፣ ንፋስ እንዳይገልጠው ድንጋይ ጭናበታለች፤ ልክ እንደ በሽተኛ አልብሳ አስተኝታዋለች። መጀመሪያ ከዝናም ልትከልለው መሰለኝ። «ምስኪን እናቴ» ብዬ ጠፍሩን መፍታት ስጀምር ከኋላዬ ድምጿ መጣ። «ተው! ተው ልጄ፣ አልብሰው!»

በነጠላዋ እያለከለከች ደረሰች። «ዛሬ ደብረ ታቦር አይደለም እንዴ? በበዓል ልትጠምደው ነው?» አለችኝ። አልገባኝም። ፊቴን አይታ «በሬ ነው አላልከኝም? ሲሠራ ይውላል አላልከኝም? የአባትህን በሬ እንኳ በሚካኤልም በሰንበትም አስጠምጄ አላውቅ፤ ይህን በምን አፌ ልጠምደው?» ስትለኝ በግንቦት የተናገርኩት ቃል ተመልሶ ፊቴን መታኝ።

ጠፍሩን እንደያዝኩ ካቡ ላይ ተቀመጥኩ። እሷም አጠገቤ ተቀመጠችና በልቧ የያዘችውን አወጣችው። አምና የላይ ሠፈሩን ገብስ በረዶ ሲመታው፣ በሚካኤል ዕለት ያረመ ሰው አለ ተብሎ ስንቱ እርስ በርሱ እንደተቃቃረ አስታወሰችኝ። «ዘንድሮ ቢመታስ ማንን ሊሉ ነው? የየትምወርቅ ሶላር በማርያም ዕለት ሲሠራ ዋለ ነው የሚሉት። እውነታቸውን ነው ደግሞ» አለች። መሸፈኗ መብራቱን እንደሚያጠፋው ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። «አውቃለሁ እንጂ። ሳይሠራ የዋለ በሬ ምን ያመርታል?» አለችኝ። «ታዲያ እኔንም ኃይለመስቀልንም ዝም ብለሽ ስታዪን ዋልሽ?» አልኳት።

«ብነግርህ ግለጪው ትለኛለህ። አልገልጥም ብልህ ሞላሌ ትወስደኛለህ። ክረምቱ እስኪወጣ ዝም ብል፣ ፀሐዩ ሲበረታ የሥራ ቀኑ ለበዓሉም ይተርፍልኛል ብዬ ነው። ካልሆነ ግን እሄዳለሁ፤ ቃል ገብቻለሁ። በጨለማ መቀመጥ እችላለሁ ልጄ። የሰው ገብስ በአንገቴ ይዤ ግን እዚህ አልቀመጥም።»

እፀገነት፣ የምትወደውን ቤቷን ለጎረቤት ገብስ ስትል ልትለቅ ቆርጣለች፤ ይህንንም ስትወስን ማንንም አላማከረችም። የባናውን ጫፍ ይዤ «ባናውን ለምን? ማዳበሪያ ከረጢት አልነበረም?» አልኳት። ቆጣ ብላ «ልጄ ከበረሃ የላከችልኝን በከረጢት ልሸፍነው? ይህ የአባትህ እጅ ነው። ዕረፍቱን ሞቆት ይረፍ» አለችኝ።

ከእኔ አፍ የወጣውን እኔ ልመልሰው አልችልም፤ ይህ የሚመለሰው በነፍስ አባቷ ነው ብዬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወረድኩ። መምሬ ወልደ ጻድቅ ከደጀ ሰላሙ ሲወጡ አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «ገለባ የማይበላ በሬ ያልካት አንተ ነህ?» አሉኝ። «እኔ ነኝ አባቴ» አልኩ። «ንግድህን እግዚአብሔር ይባርክልህ፤ ስብከቱን ግን ለእኛ ተወው» አሉና ጭራቸውን ይዘው ተከተሉኝ።

መጥተው ባናውን በአንድ በኩል ገለጥ አድርገው አዩት። ይጮኻል ወይ፣ ይንቀሳቀሳል ወይ፣ ይደክመዋል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይ አልኳቸው። ወደ እማዬ ዞረው «የትምወርቅ፣ በጎችሽን በሰንበት አፋቸውን ታስሪያለሽ?» አሏት። «ኧረ አባቴ፣ ምን በደሉ!» አለች። «በሬሽስ በሚካኤል አይግጥም?» «ይግጣል እንጂ።» «እንግዲያው ይህ ቀን ቀን ተጠምዶ አይደለም የሚውለው፤ ተሰማርቶ ነው። ፀሐይ ይግጣል» አሉ። እማዬ የዋዛ መሰለችሽ? ትንሽ አሰብ አድርጋ «ሲግጥ የዋለውን ማታ ጠምጄው የለ አባቴ? መብራቱን ሳበራ?» አለቻቸው። መምሬ ወደ እኔ ዞር ብለው «ወንድ ሆና ቢሆን ቅኔ ቤት እልካት ነበር» አሉኝ። ከዚያ በበዓል ማታ ኩራዝ ታበራ እንደነበር ጠየቋት። ታበራ እንደነበር ተናገረች። «ኩራዝሽን ሠላሳ ዓመት ሳልከለክልሽ ይህን አልከለክልሽም» አሏት።

እማዬ እጃቸውን ስማ «እኔስ እሺ፤ ለሰዎቹ ግን እርስዎ ይንገሩልኝ» ብላ ለመነቻቸው። ፍርሃቷ ከእግዚአብሔር ይልቅ በሰው ገብስ ላይ እንደሆነ ያኔ ይበልጥ ገባኝ። መምሬም በፍልሰታ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ስለ በሬውና ስለ ግጦሹ አስረድተው፣ ሶላሩ በበዓልም እንዲገለጥ ያዘዙ እሳቸው እንደሆኑ ተናገሩ። አስካለ ማርያም «እንዲህ ከሆነ የእኛም ዓይን ማታ ማታ በእትዬ መብራት ይግጥ» ብላ አሳቀቻቸው አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባናው ወረደ፤ መብራቱም በሥራ ቀንም በበዓልም በራ።

እዚህ ላይ ደብዳቤዬን ብዘጋው ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ነሐሴ 27፣ በመድኃኔዓለም ዕለት፣ ከቀትር በኋላ በረዶ ወረደ። እኔ ሞላሌ ነበርኩ፤ የሰማሁት ከአስካለ ማርያም ነው። እማዬ ደመናው ሲጠቁር ሮጣ ሶላሩን በአባዬ ባና ሸፈነችው፤ መስታወቱም ተረፈ። የወንዙ ዳር ገብስ ግን ተመታ፤ የእኛም መደብ ተመታ፤ የአስካለ ማርያምም ከግማሽ በላይ ተኛ። እማዬ ባናውን አወረደች፤ ሲመሽ ግን መብራቱን አላበራችም። እሳቷን አዳፍና ሰው መጥቶ የሚላትን እየጠበቀች ተቀመጠች።

የመጣችው አስካለ ማርያም ራሷ ናት። በር ላይ ቆማ «እትዬ፣ ምነው ጨለማ? ያንን ሁሉ በረዶ እኔ አወረድኩት ልትዪ ነው? አምና ሶላር ሳይኖርሽ ማን አወረደው? እስቲ አብሪውና ፊትሽን ልየው» አለቻት። እማዬ አበራችው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ምን እንደተባባሉ አስካለ ማርያም አልነገረችኝም፤ እዚህ ላይ ስትደርስ ዓይኗን ወደ ሱፉ መለሰች። እኔም አልጠየቅኋትም። በማግስቱ ማታ ግን እንዝርቷን ይዛ እማዬ ቤት ሄደች፤ አሁን አራት አምስት ሴቶች እዚያ እየተሰበሰቡ ይፈትላሉ። ለአንቺ ለእህቴ ባልናገረው ነውር ነው፤ ከዚያ ቤት የሚመጣው ፈትል ካለፈው ዓመት ይልቅ ቀጥኗል፣ እኩልም ሆኗል። አይተው ስለሚፈትሉት ነው።

ትናንት ወጥቼ ለእማዬ ቁርጡን ነገርኳት። ቤቷ አይዘጋም፤ እዚሁ ትኖራለች አልኳት። ያለ አንቺ ፈቃድ ማድረጌን ይቅር በይኝ፤ እዚያ ብትኖሪ አንቺም ሌላ የምትዪ አይመስለኝም። እማዬ ተነስታ ለበጎቹ ድርቆሽ አደረገች፤ ቀድሞ ያደረገችላቸው ቢሆንም። ተመልሳ ስትቀመጥ «ያ ያሳደስከው ክፍልስ?» አለችኝ። ከየት እንደሰማች አላውቅም። «ሱፍ ሞላሁበት» አልኳት። «አልጋውስ?» «እፀገነት ስትመጣ ትተኛበታለች።» ይህን ስላት ሳቀች፤ እጇንም ጉልበቴ ላይ ጣለችው። በሱቄ ደጅ ሳያት ላገኝ ያሰብኩት ደስታ ይህ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቃል አስገብታኛለች። የስቅለት ዕለት ሶላሩን ታለብሰዋለች። «ፀሐይ ራሷ በጨለመችበት ቀን እሱ ሲግጥ አይውልም» አለችኝ። አንድ ቀን ቢሸፈን ባትሪው አይጎዳም፤ ተስማምቼ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። መምሬንም ላስቸግራቸው አልፈለግሁም።

ልወጣ ስል ደግሞ ከደጃፉ መለሰችኝ። በሚያዝያ በጻፍሽው ላይ በምትሠሪበት ሆስፒታል ጣራ ላይ ብዙ ሶላር አለ ብለሽ ነበርና እሱን አልረሳችውም። «እስቲ እፀገነትን ጠይቅልኝ። እዚያ ያሉትስ በሰንበት ይሰማራሉ? በሽተኛ የሚያስታምሙ ስለሆኑ በሰንበትም ቢጠመዱ ኃጢአት የለውም በላት፤ እኔ ነኝ ያልኩት» አለችኝ። ያለችውን አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ ጽፌልሻለሁ። መልሱን ቶሎ ላኪልኝ፤ ወደ እሷ በወጣሁ ቁጥር ከሰላምታዬ ቀድማ የምትጠይቀኝ እሱን ነውና።

ባለቤቴ ጥሩሸዋ ከነልጆቿ ጉንጭሽን ትስማለች፤ አዲስ የተዳወረ የሱፍ ክር ሳትልክልሽ እንደማትቀር ነግራኛለች፣ በጎዴ ሙቀት ምን እንደምታደርጊበት ግን አላውቅም። አስካለ ማርያም «ጎረቤትሽ አለች በላት» ብላለች። መምሬ ወልደ ጻድቅ ጸሎታቸው ይድረስሽ። ለስንታየሁ የወንድም ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ወገቡን በጊዜ ይታይ። የምሥራችን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ አያቷ ቤት አሁን ማታ መጽሐፍ የሚነበብበት ብርሃን እንዳለ ንገሪያት። ማሙሽንም ሁለቱን ጉንጮቹን ሳሚልኝ፤ ከአጎበሩ እንዳይወጣ አደራ። አንቺን እህቴን እማዬ በሳመችሽ ቁጥር የምትስምሽን ዓይንሽን ስሜአለሁ። አዲሱን ዓመት በጤና ያገናኘን።

ወንድምሽ
ተገኘ ዓምደ ሚካኤል

ሞላሌ፣ ጳጉሜ 3 ቀን 2005 ዓ.ም.